የወሊድ መከላከያ ክኒን ለትራንስ ሴቶች የሆርሞን ሕክምና አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ትራንስ ሴቶች፣ ማለትም ሲወለዱ ወንድ ተብለው ሴት ስለሆኑ ሰዎች፣ በአደባባይ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ክርክር ነው። የሆርሞን ሕክምና ለመጀመር ለወሰነች ሴት ግን ክርክሩ ምንም አይጠቅማትም፤ የሚያስፈልጋት የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ደሟ የሚመረመርበት ቀን ነው። ይህን የሚነግራት ስታጣ የምታደርገው የታወቀ ነው። በቀላሉ የሚገኘውን የወሊድ መከላከያ ክኒን ገዝታ በቀን ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትውጣለች። እንድንጽፍ ያስገደደን በዋናነት ይህ ነው።

በአብዛኛው የወሊድ መከላከያ ክኒን ውስጥ ያለው ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ይባላል። የሰውነት የራሱ ሆርሞን አይደለም፤ ጉበት ቶሎ እንዳይሰባብረው ሆኖ በፋብሪካ የተሠራ ነው። ጉበት ውስጥ ስለሚቆይም ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች በብዛት እንዲመረቱ ያደርጋል። አንድ ክኒን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 35 ማይክሮግራም ይይዛል። በዚህ መጠን እንኳ የደም መርጋት አደጋ ከፍ ይላል፤ ሦስት አራት ክኒን ሲደራረብ አደጋው ምን ያህል እንደሚብስ መገመት አያዳግትም። በአምስተርዳም ትራንስ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ባወጧቸው ጥናቶች ብዙ የደም መርጋት አጋጣሚዎችን መዝግበዋል፤ በዚያን ጊዜ በሰፊው ይሰጥ የነበረው ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ነበር። ዛሬ ያሉት የሕክምና መመሪያዎች ለዚህ ዓላማ አትስጡት ይላሉ።

ክኒኑ ሌላም ስውር ችግር አለው። የተለመደው የኢስትራዲዮል የደም ምርመራ ኢቲኒል ኢስትራዲዮልን አይቆጥርም። ስለዚህ ክኒኑን የምትወስድ ሴት ስትመረመር ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ እርሷም «አልሠራልኝም» ብላ መጠኑን ትጨምራለች። በዚያ ላይ ክኒኑ ፕሮጀስቲን የሚባል ሌላ ሰው ሠራሽ ሆርሞን አለበት፤ እንደ ሌቮኖርጀስትሬል ያሉት ደግሞ በመጠኑም ቢሆን የወንድ ሆርሞን ዓይነት ጠባይ አላቸው። ከነፍሰ ጡር ፈረስ ሽንት የሚዘጋጀው ኮንጁጌትድ ኢስትሮጅንም በተመሳሳይ ምክንያት አይመረጥም፤ የደም መርጋት አደጋው ከኢስትራዲዮል ይበልጣል፣ በደም ምርመራም በትክክል አይለካም።

ትክክለኛው መድኃኒት ኢስትራዲዮል ነው፤ ሙሉ ስሙ 17-ቤታ ኢስትራዲዮል። እንቁልጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ራሱ ነው፤ ያረጡ ሴቶችም ይታዘዝላቸዋል። በክኒን፣ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፓች፣ በጄልና በመርፌ ይመጣል። በክኒን የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ሲሆን፣ በየሦስት ወሩ ደም እየታየ ይጨመራል። የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የኢንዶክሪን ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. የ2017 መመሪያ በቀን ከ2 እስከ 6 ሚሊግራም ያስቀምጣል። ፓች በ24 ሰዓት 50 ማይክሮግራም ከሚሰጠው ተጀምሮ እስከ 200 ሊደርስ ይችላል፤ እንደ ዓይነቱ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይቀየራል። ዕድሜዋ ከ45 ያለፈ፣ የምታጨስ፣ ከዚህ በፊት ደሟ ረግቶ የሚያውቅ ወይም የስብ መጠኗ ከፍ ያለ ሴት ከክኒን ይልቅ ፓች ወይም ጄል ትምረጥ። በቆዳ በኩል የሚገባው ሆርሞን በመጀመሪያ በጉበት ውስጥ ስለማያልፍ የመርጋት አደጋው ያነሰ ነው። ጄል የምትቀባ ሴት እስኪደርቅ ትጠብቅ፣ እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ የተቀባው ቆዳዋም ሕፃን እንዳይነካ ትጠንቀቅ፤ ሆርሞኑ በንክኪ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል።

ክኒኑን ከምላስ ሥር አሟሙተው የሚወስዱ አሉ። ይህም ይሠራል፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ላይ ተወርውሮ ቶሎ ይወርዳል። የቀኑን መጠን ከፋፍሎ መውሰድ ይሻላል፤ ምርመራው የተሠራበት ሰዓትም ካልተጻፈ ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

መርፌን በተመለከተ ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነውና። ኢስትራዲዮል ቫለሬት በአንድ ሚሊ ሊትር 10፣ 20 ወይም 40 ሚሊግራም ሆኖ ይዘጋጃል፤ ሳይፒዮኔት ብዙ ጊዜ 5 ሚሊግራም ነው። ሐኪም የሚያዘው በሚሊግራም ነው፤ ሲሪንጅ የሚለካው ደግሞ በሚሊ ሊትር። የታዘዘላት 4 ሚሊግራም ከሆነ፣ ከባለ 10ው ጠርሙስ 0.4 ሚሊ ሊትር፣ ከባለ 20ው 0.2፣ ከባለ 40ው 0.1 ትቀዳለች። ጠርሙሱ ከባለ 10 ወደ ባለ 40 ተቀይሮባት እንደለመደችው 0.4 የቀዳች ሴት አራት እጥፍ ወስዳለች ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ጠርሙስ በተገዛ ቁጥር ጽሑፉ ይነበብ፤ የታዘዘው ሚሊግራም በጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ቁጥር ተካፍሎ መልሱ በወረቀት ይጻፍ። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ ያለው «ዩኒት» ለኢንሱሊን የተሠራ ነው፤ በእርሱ አይገመት።

የኢንዶክሪን ሶሳይቲ መመሪያ ለመርፌ በሳምንት ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከ5 እስከ 30 ሚሊግራም ይላል። በእኛ እምነት የላይኛው ቁጥር ለብዙዎች ከልክ በላይ ነው። በሳምንት ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም ጀምሮ ደም እያዩ መሄድ ይበቃል። በየሁለት ሳምንቱ ከሚወጋው ይልቅ በየሳምንቱ የሚወጋው ይመረጣል፤ ሁለት ሳምንት ሲቆይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠኑ ሰማይ ይነካል፣ በመጨረሻዎቹ ደግሞ ይወርድና ድካም፣ ብስጭትና ድንገተኛ የሙቀት ስሜት ያስከትላል።

መድኃኒቱ ዘይት ስለሆነ ወፍራም ነው። ከጠርሙሱ በወፍራም መርፌ፣ ለምሳሌ በ18 ወይም በ20 ጌጅ ይቀዳል (የጌጅ ቁጥር ሲበዛ መርፌው ይቀጥናል)፤ ከዚያ መርፌው ተቀይሮ በቀጭን ይወጋል። ጡንቻ ውስጥ ለመውጋት ከ22 እስከ 25 ጌጅ፣ ከቆዳ ሥር ላለው ስብ ደግሞ 25 ወይም 27 ጌጅ ሆኖ አጠር ያለው ይበቃል። የሚወጋው ጭኑ ላይ ከሆነ ከፊት ለፊት ወደ ውጭኛው ጎን ነው፤ ውስጠኛው ጎን ትልልቅ የደም ሥሮች ያሉበት ነው። የጠርሙሱ ጎማና ቆዳው በአልኮል ይጸዳሉ፤ አልኮሉ ሳይደርቅ ከተወጋ ያቃጥላል። ቀስ ተብሎ ይገፋል። በየሳምንቱ ቀኝና ግራ ይፈራረቃል፤ አንድ ቦታ ደጋግሞ መውጋት ቆዳውን ያጠነክራል፣ መድኃኒቱም እኩል አይገባም። ማሳከክና ሽፍታ ከመጣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከዘይቱ ነው፤ ቫለሬት በጉሎ ወይም በሰሊጥ ዘይት፣ ሳይፒዮኔት በጥጥ ፍሬ ዘይት ስለሚዘጋጅ አንዱን በሌላው መቀየር ይቻላል። መርፌም ሆነ ሲሪንጅ አንዴ ተወግቶ ይጣላል፤ ጠርሙስም ከጓደኛ ጋር አይካፈሉትም። ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። ስም፣ መጠንና የማብቂያ ቀን ያልተጻፈበት ጠርሙስ ደግሞ አይነካ።

ኢስትራዲዮል ብቻውን፣ በተለይ በመርፌና በፓች፣ የብዙዎችን ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ማውረድ ይችላል። ካልበቃ የቴስቶስትሮን ማገጃ መድኃኒት ይጨመራል። ስፓይሮኖላክቶን በቀን 100 ሚሊግራም፣ ለሁለት ተከፍሎ ይጀመራል፤ ብዙዎች እስከ 200 ይደርሳሉ፣ ጣሪያው 300 ነው። መጀመሪያ ለደም ግፊት የተሠራ ሽንት አሸኚ ነውና ማታ ዘግይቶ መውሰድ እንቅልፍ ይነሳል፤ ከመቀመጫ ብድግ ሲባልም ያዞራል። ዋናው አደጋው ፖታሲየም በደም ውስጥ እንዲከማች ማድረጉ ነው፤ ይህ ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ፖታሲየምና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬያቲኒን ይለካሉ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገማሉ፣ በመጀመሪያው ዓመትም በየሦስት ወሩ ይታያሉ። የደም ግፊት መድኃኒቶቹን ኢናላፕሪልን፣ ሎሳርታንን ወይም ትራይሜቶፕሪም ያለበትን ጸረ ተህዋሲያን የምትወስድ ሴት፣ ኩላሊቷም የተጎዳ፣ ለሐኪሟ ሳትናገር አትጀምር። በሶዲየም ፋንታ ፖታሲየም የተደረገበት «ለግፊት የሚስማማ» ጨውም ከዚሁ ይቆጠራል። አንድ ነገር እንጨምር፦ ስፓይሮኖላክቶን በዋናነት የሚሠራው የቴስቶስትሮንን መቀበያ በመዝጋት ስለሆነ፣ በምርመራ ቴስቶስትሮኑ ብዙም ሳይወርድ ውጤቱ በሰውነት ላይ ሊታይ ይችላል።

ሳይፕሮቴሮን አሲቴት የተባለው ሌላው ማገጃ ጠንካራ ነው፤ ችግር የሚሆነውም ይኸው ጥንካሬው ነው። ክኒኑ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊግራም ስለሆነ ሙሉውን በየቀኑ የሚውጡ አሉ። ለዚህ ሕክምና በቀን 10 ሚሊግራም ገደማ ይበቃል፤ 50ውን ለአራት ከፍሎ አንዱን ሩብ መውሰድ 12.5 ይሰጣል። ከዚያ በላይ ሲወሰድ ቴስቶስትሮኑ የባሰ አይወርድም፤ የሚጨምረው ድብርቱ፣ ድካሙ፣ የጉበት ጉዳቱና የፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) መጠኑ ነው። ከፍ ባለ መጠን ለዓመታት ሲወሰድ ሜኒንጂዮማ የሚባለው የአንጎል ሽፋን እጢ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለዚህ አስጠንቅቋል። የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የእይታ መቀየር ከመጣ ለሐኪም መንገር ግድ ነው። ቢካሉታማይድ የተባለው ማገጃ አልፎ አልፎ ጉበትን ክፉኛ ስለሚጎዳ የጉበት ምርመራ በማይገኝበት አይጀመር። ሊዩፕሮላይድና ትሪፕቶሬሊን የተባሉት ማገጃዎች በየወሩ 3.75 ሚሊግራም ወይም በየሦስት ወሩ 11.25 ሆነው ይወጋሉ፤ ውጤታቸው ንጹሕ ነው፣ ዋጋቸው ግን ውድ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቴስቶስትሮንን ከፍ ስለሚያደርጉ ያ ሊያስደነግጥ አይገባም።

ማገጃን ብቻውን፣ ኢስትራዲዮል ሳይጨመር፣ ለረጅም ጊዜ መውሰድ ስህተት ነው። አጥንት የሚጠነክረው ከሁለቱ ሆርሞኖች በአንዱ ነው፤ ሁለቱም ሲጠፉ አጥንት ይሳሳል። የዘር ፍሬዋን በቀዶ ሕክምና ያስወጣች ሴት ማገጃውን ታቆማለች፤ ኢስትራዲዮሉን ግን አታቁም።

ከመጀመሩ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ሐኪሙ በእርሷም ሆነ በቅርብ ዘመዶቿ ላይ የደም መርጋት፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የጡት ካንሰር ታይቶ እንደሆነ፣ ዓይን እያብለጨለጨ የሚጀምር ማይግሬን እንዳለባት፣ እንደምታጨስም ይጠይቃል። እውነቱን መንገር ይጠቅማታል፤ አብዛኛው መልስ ሕክምናውን አያስከለክልም፣ የመድኃኒቱን ዓይነት ግን ይቀይራል። ሲጋራ ግን መቆም አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለንም። የደም ግፊት ይለካል፤ ኢስትራዲዮል፣ ቴስቶስትሮን፣ የጉበትና የኩላሊት ሥራ፣ ፖታሲየም፣ ስኳርና ስብ ይታያሉ፤ ሳይፕሮቴሮን የምትወስድ ከሆነ ፕሮላክቲንም ይጨመራል። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት ሁሉ ይነገር። ሪፋምፒሲን (የሳንባ ነቀርሳ)፣ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን (የሚጥል በሽታ)፣ ኢፋቪሬንዝም (የኤች አይ ቪ) ኢስትራዲዮልን ቶሎ እንዲወገድ ያደርጋሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረች ሴት «ሆርሞኑ ተወኝ» የምትለው ለዚህ ነው።

ልጅ የመውለድ ጉዳይ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ይታሰብበት። ሕክምናው የወንድ ዘርን ያሳንሳል፤ ካቆሙ በኋላ ይመለስ አይመለስ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ወደፊት የራሷን ልጅ ልትፈልግ የምትችል ሴት ሳትጀምር ዘሯን በቅዝቃዜ ታስቀምጥ። ይህ ማለት ግን ሆርሞኑ እርግዝናን ይከላከላል ማለት አይደለም፤ ማርገዝ የምትችል አጋር ካለቻት ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል።

ምርመራው በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የሚፈለገው ኢስትራዲዮል በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 እስከ 200 ፒኮግራም፣ ቴስቶስትሮን በአንድ ዴሲ ሊትር ከ50 ናኖግራም በታች ነው። ቤተ ሙከራዎች መለኪያቸው ስለሚለያይ ቁጥሩን ብቻ አይተው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። በፒኮሞል በሊትር ከተጻፈ ዒላማው ከ367 እስከ 734 ይሆናል፤ ቴስቶስትሮን በናኖሞል በሊትር ከሆነ ከ1.7 በታች፣ በናኖግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ ከ0.5 በታች ነው። በመርፌ የምትወስድ ሴት ደሟን በሁለቱ መርፌዎች መካከል፣ ሁልጊዜም በዚያው ቀን ትስጥ፤ በተወጋች ማግስት የተቀዳ ደም ከፍ ብሎ ያሳስታል። ጄል በተቀባ ክንድ ላይ ደም አይቀዳ፤ የቆዳው ላይ ሆርሞን ከደሙ ጋር ይቀላቀላል። ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ደግሞ ምርመራውን ያዛባል፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይቁም።

ለውጡ አይቸኩልም። በመጀመሪያዎቹ ከአንድ እስከ ሦስት ወራት የወሲብ ፍላጎትና ሳይፈለግ የሚመጣው የብልት መቆም ይቀንሳሉ። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ከጡት ጫፍ ሥር የሚያም ጓል ይወጣል፤ ጤናማ እድገት ነው፣ ሊያስፈራ አይገባም። ቆዳ ይለሰልሳል፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ስብ ወደ ዳሌና ጭን መሄድ ይጀምራል። የጡትና የስብ ለውጥ የሚያበቃው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የጡት መጠን በአብዛኛው በዘር ይወሰናል፤ ኢስትራዲዮልን ከዒላማው በላይ ማውጣት አያተልቀውም፣ አያፈጥነውምም። በስድስተኛው ወር መስተዋት ፊት ቆማ ተስፋ የምትቆርጥና መጠኑን በራሷ እጥፍ የምታደርግ ሴት የምታተርፈው አደጋውን ብቻ ነው። ፕሮጀስትሮን ጡት ያሳድጋል የሚባለው እስካሁን አልተረጋገጠም፤ የ2022ቱ ዓለም አቀፍ የትራንስ ጤና መመሪያም በመደበኛነት እንዲሰጥ አይመክርም። ዳሌ ለማውጣት ፈሳሽ ሲሊኮን የሚወጉ ሰዎች ካሉ ከእነርሱ መሸሽ ነው። ሲሊኮኑ ወደ ሳንባ ሄዶ ሊገድል ይችላል።

የወፈረ ድምፅ በኢስትሮጅን አይቀጥንም፤ የድምፅ ልምምድ ይፈልጋል። የፊት ጸጉር ይሳሳል እንጂ አይጠፋም፤ ለጥቁር ቆዳ 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ ሌዘር ይመረጣል፤ ሽበት ግን በሌዘር ስለማይወጣ ኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም የጸጉሩን ሥር በኤሌክትሪክ ማጥፋት፣ ያስፈልገዋል። የራስ መመለጥ ይቆማል፤ የሄደው ጸጉር ጥቂቱ ብቻ ይመለሳል።

አንድ እግር ብቻ አብጦ ሲያም ወይም ሲሞቅ፣ ትንፋሽ በድንገት ሲያጥር፣ ስትተነፍስ ደረቷን ሲወጋት፣ ፊቷ በአንድ ወገን ሲጣመም ወይም አንደበቷ ሲተሳሰር በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለባት፤ ሆርሞን እንደምትወስድም ትንገራቸው። አፍራ የደበቀች ሴት ሐኪሙ ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም እንዲፈልግ የሚያደርገውን ፍንጭ ደበቀች ማለት ነው።

ለሐኪሞችም አንድ ቃል አለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ ይህን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። መድኃኒቶቹ ለማረጥ፣ ለደም ግፊትና ለፕሮስቴት በየቀኑ የምታዝዟቸው ናቸው። «አላውቀውም» ተብላ የተመለሰች ታካሚ ሆርሞኑን አትተወውም፤ ያለ ደም ምርመራ ትወስደዋለች። ከዓመታት በኋላም ፕሮስቴቷ እንዳለ መሆኑን አስታውሱ። የፕሮስቴት የደም ምርመራ የሆነው ፒ ኤስ ኤ በዚህ ሕክምና ስለሚወርድ ለወንድ መደበኛ የሚባለው ቁጥር ለእርሷ መደበኛ አይደለም፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1 ናኖግራም በላይ ከሆነ ትኩረት ይሻል። ዕድሜዋ 50 ያለፈና ሆርሞኑን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰደች ሴት ደግሞ እንደ ማንኛዋም ሴት የጡት ራጅ ትነሳ።

በሆርሞን ሕክምና ላይ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች